ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝናው ይቅደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ወሎ ውስጥ ልጅ ጀርባው ተከፍቶ ሲወለድ ፍርዱ አይዘገይም፤ ወይ «በዘር የወረደ ነው» ይባላል፣ ወይ «ቁጣ ነው»። ዘረመል ድርሻ አለው፤ ብቻውን ግን አይወስንም።

የአንጎልና የሰረሰር መነሻ የሆነው የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ሳይዘጋ ሲቀር ነው ልጁ ጀርባው ተከፍቶ የሚወለደው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። በፍጥነት የሚባዙት ህዋሳት ዘረመላቸውን ለመገልበጥ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ይሻሉ፤ በክኒን የሚሰጠው ዓይነቱ ፎሊክ አሲድ ይባላል። ኤምቲኤችኤፍአር በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ያለባቸው ሰዎች ግን ፎሌትን ለሥራ የሚያዘጋጀው ኤንዛይማቸው ደካማ ነው። ፎሌት በበቂ የምታገኝ እናት ላይ ይህ ድክመት ብዙም አይጎላም፤ ያነሳት ላይ ግን አደጋውን ይጨምራል። ያው ዘረመል፣ በማዕዱ ልክ ውጤቱ ይለያያል።

የሚመከረው በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፤ ከእርግዝና ቢያንስ 1 ወር አስቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። እኛ ዘንድ ግን ክኒኑ ከአይረን ጋር ተቀይጦ የሚሰጠው በእርግዝና ክትትል ላይ ነው፤ ብዙዎች ደግሞ ክትትል የሚጀምሩት ሆዳቸው ሲገፋ ነው። ለደም ማነሱ ይበጃል፤ ለቱቦው ግን ጊዜው አልፏል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት 4 ወይም 5 ሚሊግራም በሐኪም ይታዘዝላታል። መጠኑን ለመሙላት ቅይጡን 10 ክኒን መዋጥ ግን አይሞከርም፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 60 ሚሊግራም አይረን ስላለ ይመርዛል።

ምስርና ሽምብራ ፎሌት አላቸው፤ ጎመንም አለው፣ የተቀቀለበት ውሃ ካልተደፋ። ብቻቸውን ግን ክኒኑን አይተኩም።

ጨውም አለ። የታይሮይድ ሆርሞን የአንጎል ህዋሳት ወደየቦታቸው እንዲጓዙ ይመራል፤ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው፤ ሆርሞኑ ደግሞ ያለ አዮዲን አይመረትም። ባቲ ገበያ ላይ አፉ ተከፍቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጨው አዮዲን ቢኖረውም ይቀንስበታል። ቤት ሲገባ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

ለጤና ቢሮዎች አንድ ሐሳብ አለን። ክንዷ ላይ የተቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ልታስወጣ የመጣች ሴት፣ መውለድ መፈለጓን ብትጠየቅ ትናገራለች። አዎ ካለች ፎሊክ አሲዱ እዚያው፣ በዚያው ቀን ይሰጣት።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከደሴ