ፔዳል ሲደርቅ ሰርቮ ከመፍታት በፊት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዓባይን በረሃ የሚወርዱ አሮጌ ሚኒባሶችና ላንድክሩዘሮች የፍሬን ፔዳላቸው ድርቅ ሲል፣ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው «ሰርቮው ሞቷል» ይባልና ያገለገለ ሰርቮ ተገዝቶ ይታሰርላቸዋል። ብዙ ጊዜ ፔዳሉ እንደደረቀ ይቀራል፤ የባለንብረቱ ገንዘብ ግን ሄዷል። በጎጃም ያሉ ጋራዦችና ሾፌሮች እንዲያነቡት ይህን ጻፍኩ።

ሰርቮ የራሱ ጉልበት የለውም። ውስጡ ያለው ሰፊ ጎማ ከአንድ ወገን አየሩ ተመጦለት፣ ፔዳል ሲረገጥ ከሌላው ወገን የውጭ አየር ሲገባበት ነው የሚገፋው። ቤንዚን ሞተር ላይ መምጠጡን የሚሠራው ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ማኒፎልድ ነው። ናፍጣ ላይ ግን ለብቻው የቫኪዩም ፖምፓ፣ ማለትም አየር መምጠጫ፣ አለ፤ በቶዮታ 2ኤል እና 3ኤል ሞተሮች ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ በሞተር ዘይት እየለሰለሰ ይሠራል። የዘይቱ ቀጭን ቱቦ ከተደፈነ ፖምፓው ራሱን ይበላል፣ ሰርቮውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ፍተሻው መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል መርገጥ፣ ሲደርቅ እግርን ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ቫኪዩም እየደረሰ ነው። ካላለ ከሰርቮው ላይ ቱቦውን ነቅሎ፣ ሞተሩ እየሠራ አፉን በጣት መድፈን ነው። ጣት ጥብቅ ተደርጎ ካልተሳበ ጥፋቱ ከሰርቮው በፊት ነው። በደንብ ከተሳበ ግን ያን ጊዜ ሰርቮውን መጠርጠር ይቻላል። ሌላው፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ እንደያዙ ሞተሩን ማጥፋትና 30 ሰከንድ መቆየት ነው፤ ፔዳሉ እግርን ወደ ላይ ከገፋ አየር የሚገባበት ቦታ አለ።

ቱቦው ላይ ያለችው ቫልቮላ ከሰርቮው ወደ ሞተሩ ብቻ ማሳለፍ አለባት። ነቅሎ በሁለቱም ወገን በአፍ መንፋት ይበቃል፤ በሁለቱም ካሳለፈች ትጣል። ቱቦውን ደግሞ ማሰሪያው (ፋሼታው) ሥር አጠፍ አድርጎ ማየት ነው፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ጎማ ሲታጠፍ ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያሳያል። በውሃ ቱቦ መተካት ትልቅ ስሕተት ነው። ቆሞ ሲታይ ምንም አይልም፤ ሞተር ሲሞቅና ሲመጠጥ ግን ግድግዳው ይጣበቃል፣ ቆላው ውስጥ ይብሳል። ወፍራም ግድግዳ ያለው የቫኪዩም ቱቦ ይገዛ።

የፍሬን ዘይት የትም ሳይንጠባጠብ ከጎደለ የፍሬን ፖምፓው የኋላ ጎማ ወደ ሰርቮው እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ሰርቮ ቢታሰር እሱም ይበላሻል።

ቫኪዩሙን በጌጅ ለሚለኩ ደግሞ አንድ ነገር። የጥገና መጽሐፍ ለቤንዚን ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው ለባሕር ወለል ነው። በየ300 ሜትር ከፍታ 1 ኢንች ያህል ይቀነሳል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች 8 ኢንች ያህል ይጎድላል። ስለዚህ እዚህ ከ9 እስከ 13 የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ነው፣ በዚህ ምክንያት ብቻ መፈታት የለበትም። ደጋ ላይ ፔዳል በመጠኑ መክበዱም ከዚሁ የመጣ ነው።

ፔዳሉ ስፖንጅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ አየር ገብቷል ወይም ዘይቱ ፈልቷል። የተቃጠለ ሽታ ካለ የፍሬን ሸራው ግሏል፤ ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ ቱቦ መፈለግ አይጠቅምም።

አሁንም ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው በፎሌ (ማርሽ አውጥተው) የሚወርዱ አሉ። ሞተር ሲጠፋ ሰርቮው ውስጥ የሚቀረው ቫኪዩም ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ ኩርባው ደግሞ ከሦስት እጅግ ይበዛል። ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ወደ ላይ በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ።

አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ