ፋይበር ሲገባ የቤት ስልኩስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ለንደን ሰሞኑን አበሻ ሲገናኝ ወሬው ፋይበር የሚሉት ፈጣን ኢንተርኔት ሆኗል። ማን ስንት ሜጋ እንዳስገባ፣ በወር ስንት ፓውንድ እንደሚከፍል፣ ኳስ ሳይቆራረጥ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል። ስለ ቤት ስልኩ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ብዙ ሰው ስልኩ የት እንደሚሰካ የሚያስበው ኮንትራቱ ከተፈረመ፣ ግድግዳው ከተበሳ በኋላ ነው። ይሄን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላልሰማ። የእንግሊዝ የድሮው የመዳብ ሽቦ ስልክ ሊዘጋ ነው። በ2025 መጨረሻ ይዘጋል ተብሎ ነበር፣ ኋላ ወደ ጃንዋሪ 2027 ተገፋ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አዲስ የመዳብ ስልክ መስመር መሸጥ ቆሟል። ከእንግዲህ የቤት ስልክ የሚሠራው በኢንተርኔት በኩል ነው፣ አለቀ። ፋይበር ሲገባ ከመንገድ እስከ ቤት የሚመጣው ቀጭን የመስታወት ክር ነው። ግድግዳ ላይ ነጭ ሳጥን ይለጠፋል፣ ከሳጥኑ ወደ ራውተሩ፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ ወደሚያከፋፍለው ዕቃ፣ ኬብል ይሄዳል፣ ስልኩ ደግሞ ራውተሩ ጀርባ ላይ ይሰካል። ድሮ ስልክ ይሰካበት የነበረው የግድግዳ ሶኬት ዝም ይላል።

አክስቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሳሎንና መኝታ ቤት ስልክ ነበራት። የመኝታ ቤቱ ትልልቅ ቁጥር ያለው ነው፣ ያለ መነጽር ትደውልበታለች። ቴክኒሺያኑ መጣ፣ በሩ አጠገብ በሳ፣ ራውተሩን ኮሪደር ላይ ከጫማ መደርደሪያው በላይ አስቀመጠ፣ አንዱን ስልክ እዚያው ሰክቶ «ይሠራል» ብሏት ሄደ። መሥራቱንስ ይሠራል። ጉልበቷን የሚያማት ሴት ግን ከአልጋዋ ተነስታ ኮሪደር እስክትደርስ ስልኩ ጮሆ ጮሆ ይዘጋል። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ደግሞ የምታውቀው ይሄንኑ ቁጥር ነው፤ ቫይበር ምናምን አይሆንላትም። ካምፓኒው ጋ ብንደውል «የቤት ውስጥ ሽቦ እኛን አይመለከትም» አሉን።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም፣ ቀድሞ የነገረን ሰው ስለሌለ ነው እንጂ። ገመድ አልባ ስልክ መግዛት ነው። ዋናው ማስቀመጫ ራውተሩ ላይ ይሰካል፣ ሌሎቹ የኤሌክትሪክ ሶኬት ባለበት ሁሉ ይቀመጣሉ፣ አልጋ አጠገብም ቢሆን። የድሮ ስልኩን አልጥልም የሚል ሰው ደግሞ ከራውተሩ የስልክ ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሶኬት ሽቦ ማስገባት ይችላል፤ ያኔ ቤት ውስጥ ያሉት የስልክ ሶኬቶች ሁሉ ነፍስ ይዘራሉ። ግን አስቀድሞ ከውጭ የሚመጣው የድሮ መስመር ከዋናው ሶኬት ተነቅሎ መለየት አለበት። በዚያ ሽቦ 50 ቮልት ገደማ ይመጣል፣ ከራውተሩ ጋር ከተገናኘ ራውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የማያውቅ ሰው እጁን ባያስገባበት ይሻላል።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። እኔ የገዛሁት የራሴ ራውተር አለኝ። ከቤት ስለምሠራ ኔትወርኬን ራሴ ነኝ የማዘው፤ የልጆቹ ለብቻ፣ የካሜራው ለብቻ፣ የእንግዳ ለብቻ። ፋይበሩ ይሄንን አይከለክልም። ከነጩ ሳጥን የሚወጣውን ኬብል የራስ ራውተር ላይ «ዋን» (WAN) የሚለው፣ ኢንተርኔት የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ መሰካት ነው። አንዳንዱ ካምፓኒ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ አስገቡ ይላል፣ አንዳንዱ ቪላን (VLAN) የሚባል የመስመር መለያ ቁጥር ይፈልጋል፣ አንዳንዱ እንደሰካችሁት ይሠራል። (በነገራችን ላይ፣ ለአዲሱ ራውተር የድሮውን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ስጡት። ቴሌቪዥኑ፣ ፕሪንተሩ፣ የልጆቹ ስልክ ሳትነኩት ራሱ ይገባል።)

ጣጣው ስልኩ ጋ ነው። የኔ ካምፓኒ ስልኩን የሚያሠራው በራሱ ራውተር ብቻ ነው። የስልኩን መግቢያ ስምና ፓስወርድ ስጡኝ፣ በራሴ ራውተር ላስገባው ብላቸው አንሰጥም አሉ። ለምን? ፖሊሲ ነው። ኧረ እሺ! ጀርመን ከኦገስት 2016 ጀምሮ ደንበኛ የፈለገውን ራውተር እንዲሰካ በሕግ ተፈቅዶለታል፤ ካምፓኒው የኢንተርኔቱንም የስልኩንም መግቢያ ሳይጠየቅ፣ በነፃ መስጠት አለበት። ፍራንክፈርት ያለው ወንድሜ የኔን ጭቅጭቅ ሲሰማ ሳቀብኝ። ኦፍኮም፣ የዚህ አገር የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ማለቴ ነው፣ ይሄን ቢያስብበት ምን ነበረበት?

እስከዚያው መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የካምፓኒው ራውተር ዋይፋዩ ተዘግቶ ለስልኩ ብቻ እንደ ደባል ጥግ ይዞ ይቀመጥ፣ የራሳችሁ ራውተር ከኋላው ተሰክቶ ቤቱን ያስተዳድር። ለአብዛኛው ሰው ይሄ ይበቃል። ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ ወይም ከውጭ ሆናችሁ ወደ ቤት ካሜራ የምትገቡ ከሆነ ግን ሁለት ራውተር ተከታትሎ መሰካቱ ሊያስቸግር ይችላል። እኔ የመረጥኩት ሌላውን ነው፦ ስልኩን ከኢንተርኔት ካምፓኒው ጨርሶ መለየት። ቁጥሩን ወደ አንድ የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት አዛወርኩ፣ ኤቲኤ የምትባል፣ የድሮ ስልክን ከኢንተርኔት ጋር የምታገናኝ፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሳጥን ገዛሁ፣ አንድ ጎኗን ራውተሬ ላይ፣ ሌላውን የድሮ ስልኬ ላይ ሰካሁ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ብቀይር ባልቀይር ስልኬን የሚነካው የለም። የናንተ ድምፅ ተሰምቶ የዚያኛው ካልተሰማ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ «ሲፕ ኤኤልጂ» (SIP ALG) የሚለውን፣ በኢንተርኔት ስልክ ጥሪ ውስጥ እጁን የሚያስገባውን ማስተካከያ፣ አጥፉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። አድራሻችሁንም አገልግሎቱ ላይ በትክክል አስመዝግቡ፣ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 999 ስትደውሉ ስልኩን የሚያነሱት ሰዎች የሚያዩት የተመዘገበውን አድራሻ ነው።

ቁጥር ማዛወር ላይ ቅደም ተከተሉ እንዳይሳሳት። አሮጌውን መስመር ዘግታችሁ ቁጥሩን በኋላ እወስዳለሁ ማለት አይሆንም፣ ከተዘጋ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት ስትቀይሩ አሮጌውን ካምፓኒ የሚያሰናብተው አዲሱ ነው፣ እናንተ መደወል አይጠበቅባችሁም። ምቹ ነው፣ ግን ስለ ቁጥሩ ገና ስትመዘገቡ ካልተናገራችሁ በዚያው አብሮ ሊሸኝ ይችላል። ዓመታት ሙሉ ዘመድ፣ የሰፈሩ ሐኪም (ጂፒው) እና ቤተ ክርስቲያኑ የያዙት ቁጥር ነው፤ በዋዛ መታየት የለበትም።

አሁን ወደ መብራት። አዲስ አበባ መብራት ሲሄድ ሻማ ፍለጋ ያደግን ሰዎች ነን፣ እዚህ ስንመጣ ረሳነው። የድሮው የመዳብ ስልክ ኃይሉ የሚመጣው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር ቤት ውስጥ መብራት ቢጠፋም ባለገመዱ ስልክ ይሠራ ነበር። በፋይበር ግን መብራት ከጠፋ ነጩ ሳጥንም ራውተሩም ይጠፋሉ፣ ስልኩም ከነሱ ጋር። በኖቬምበር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል ስኮትላንድንና ሰሜን እንግሊዝን ሲመታ ቀናት ሙሉ ያለ መብራት የከረመ ቤት ብዙ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ኦፍኮም ያወጣው መመሪያ አለ፦ በቤት ስልኩ ላይ ብቻ ለተመካ ሰው፣ ለምሳሌ ሞባይል ለሌለው ወይም ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ ለማይገባለት፣ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ወደ 999 የሚያስደውል ነገር ካምፓኒው በነፃ ማቅረብ አለበት። መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም ይዞላችሁ አይመጣም። በኔ ግምት 1 ሰዓት ትንሽ ነው። እኔ ለነጩ ሳጥንም፣ ለራውተሩም፣ ለኤቲኤዋም ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አድርጌያለሁ፤ ሶስቱም ብዙ ኃይል ስለማይበሉ ሰዓታት ይቆያል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የየመሣሪያውን ቻርጀር ገልብጣችሁ ስንት ቮልት እንደሚል አንብቡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የአደጋ መጥሪያ ነው። እዚህ አገር ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠቀማል፣ ከነሱ ውስጥ የኛም እናቶችና አባቶች አሉ። ብዙዎቹ መጥሪያዎች የተሠሩት ለድሮው መስመር ነው፣ በአዲሱ ላይ ላይሠሩ ይችላሉ። ቁልፉ ቢጫንም የሚሰማው ላይኖር ይችላል ማለት ነው። መስመሩ ከመቀየሩ በፊት ለኢንተርኔት ካምፓኒውም ቤት ውስጥ መጥሪያ እንዳለ ንገሩ፣ ለመጥሪያው ድርጅት ወይም ለካውንስሉም (ለአካባቢው አስተዳደር) ደውሉ፣ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት። የሚመጣው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ነው፣ እማማ አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ልጆች፣ ቅዳሜ ስትሄዱ መሳቢያውን እዩላቸው።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ኮንትራት ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቀውን፣ ራውተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁጥሩ ይቆይ እንደሆነ፣ የራስ ራውተር ከስልኩ ጋር ይሠራ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ ይኖር እንደሆነ፣ በአማርኛ በትልልቅ ፊደል አትሙልን። የማኅበር ቢሮዎችና አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችም፣ በር ላይ ሊለጥፉት ይችላሉ። ጽሑፉን ማዘጋጀት ከሆነ ችግሩ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ክፍያ አልፈልግም።

አንባቢያችሁ፣
ከደቡብ ለንደን