አገር ለመዞር ያሰበ፣ ከካርታው በፊት ቀን መቁጠሪያውን ይዘርጋ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሰሞኑ ዕትማችሁ የጉዞ ዓምድ ላይ፣ ኢትዮጵያን በ3 ሳምንት ዞሮ ለመጨረስ ያስችላል ተብሎ የቀረበውን መርሐ ግብር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአክሱምና በላሊበላ ያልፉና በአፋር በኩል ወደ ሐረር ይወርዳሉ፤ ከዚያም ባሌንና ደቡብ ኦሞን አዳርሰው በጅማ ይመለሳሉ። ለአገር ያላቸው ፍቅር ከጽሑፉ ሁሉ ይነበባል። ይሁን እንጂ ረዘም ላለ ጊዜ በአስጎብኚነት ሙያ የቆየሁ እንደመሆኔ፣ ይህን ክብ መስመር ይዞ የሚነሣ ቤተሰብ ግማሹን ጊዜ መኪና ውስጥ፣ ቀሪውን ደግሞ ወቅቱ ባልሆነ ቦታ እንደሚያሳልፍ ስለምገምት፣ የተለየ አስተያየት ለማቅረብ ተነሣሥቻለሁ።

በቦታዎቹ ምርጫ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ዕቅዱ «የት» የሚለውን በዝርዝር ሲመልስ «መቼ» የሚለውን ጭራሽ ባለማንሣቱ ላይ ነው። አገራችን ወደ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያላት ከመሆኗም በላይ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ከሚለው ዳሎል አንሥቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ እስከሚለው ራስ ደጀን የምትዘልቅ ናት፤ ዝናቧም ሁሉም ዘንድ በአንድ ጊዜ አይመጣም፣ በአንድ ጊዜም አያባራም። በሰሜንና በመሀል አገር ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በምዕራቡ፣ በከፋና በኢሉባቦር በኩል፣ ዝናቡ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቦረና፣ ደቡብ ኦሞና የሶማሌ ቆላ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ ቀጥሎም በጥቅምትና በኅዳር ያገኛሉ። አፋር ላይ ወሳኙ ዝናብ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ ኤርታሌንና ዳሎልን ለማየት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ካለፈ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማቆየት ይሻላል። እርግጥ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሁሉም አቅጣጫ ደረቅ ስለሚሆን አንዱን ትልቅ ክብ መሞከር ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ደጋው ልምላሜውን አጥቶ ይጠብቃል፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ይሳሳል፣ ሆቴሎችም በበዓላቱ ምክንያት ይጨናነቃሉ።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ ያገኙናል። እነዚህን ሰዎች በክረምት እኩሌታ ወደ ስሜን ተራራ መላክ ትርጉም የለውም፤ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው ከአፋፉ ቆመው እንኳ የሚያዩት ነገር አይኖርም። በአንጻሩ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶና ጂንካ በዚሁ ጊዜ በሁለቱ ዝናቦቻቸው መካከል ባለው ጋብ ያለ ወቅት ላይ ናቸው። ሐረርም ዝናብ ቢኖራትም ከአዲስ አበባው ያነሰ ነው፤ በዚያ ላይ ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ይውላል። ስለዚህ የሐምሌ እንግዳ ደቡብንና ምሥራቅን ይይዛል፣ የጥቅምት እንግዳ ደግሞ ሰሜንን። ከመስቀል በኋላ ላለው አንድ ወር በደጋው አገር የሚወዳደረው ጊዜ አላውቅም፤ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ወንዙ ሳይጎድል፣ ሰማዩ ጠርቶ ሩቁ ተራራ ሁሉ ይታያል። በዓረብ አገራት የሚሠሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ግን ወሩን የሚመርጡላቸው አሠሪዎቻቸው ስለሆኑ፣ ለእነርሱ ዕረፍቱ ከወደቀበት ወር ተነሥቶ አቅጣጫውን መምረጥ ብቸኛው አማራጭ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገድ ነው። ዋና ዋና መንገዶቻችን ከአዲስ አበባ ወደየአቅጣጫው የሚዘረጉ ናቸው፤ ዳርን ከዳር የሚያገናኙት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ብዙ ቦታ ላይ ጠጠር ናቸው። በካርታ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት ቦታዎች በመካከላቸው ሸለቆ ካለ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ሊሆኑ ይችላሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ በደቂቃ ያልፈዋል፤ ጊዜውን የሚወስድበት ግን ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣቱ ነው፤ የጫነ ተሳቢ ከፊቱ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጣርማ በር፣ ግራካሱና ሊማሊሞም እንዲሁ ናቸው። በሙያችን ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት የምንቆጥረው ለዚህ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ የማይገባበት ከተማ በዚያ ቀን ዕቅድ ውስጥ መኖር የለበትም። ሌሊት መንዳት፣ ከብትና ጋሪ፣ መብራት የሌለው የጭነት መኪናም ባለበት መንገድ ላይ፣ ከማንም የማይጠበቅ ድፍረት ነው።

እንግዲህ እኔ የምለው፣ አንዱን ክብ ትተን ጉዞውን ከአዲስ አበባ የሚነሡና ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ዙሮች አድርገን እንቁረጠው፣ ለየዙሩም የራሱን ወር እንስጠው ነው። የደቡቡን ዙር በዝርዝር ላሳይ፣ ምክንያቱም እዚያ የሳምንቱ ቀን ከወሩ ባልተናነሰ ይወስናል። በደቡብ ኦሞ ሰው የሚገናኘው በገበያ ነው፤ የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ፣ የዲመካ ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ ይቆማል። ይህን የሚያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ ሰኞ ማለዳ ይነሣል፤ በቡታጅራ መንገድ ወጥቶ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ የጢያን ትክል ድንጋዮች ያያል፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጎ ማታ አርባ ምንጭ ይገባል። ማክሰኞ በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ ያያል፤ ረቡዕ ኮንሶ ወርዶ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእርከን እርሻና በካብ የታጠሩትን መንደሮች ይጎበኛል። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ውሎ ጂንካ ያድራል። ዓርብን ለጂንካና ለአካባቢዋ ይሰጣል። ቅዳሜ ዲመካ፣ እሑድ በቱርሚ ዕረፍት፣ ሰኞ የቱርሚ ገበያ፣ ማክሰኞ መመለስ። ሲመለስ በያቤሎና በዲላ በኩል ቢያደርግ፣ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመዘገበውን የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ እንሰቱንና በጥላ ዛፍ ሥር የበቀለውን ቡና እያየ፣ ሐዋሳ ላይ ያርፋል። ያው ሰው ከአዲስ አበባ ሐሙስ ቢነሣ ኖሮ ግን ቀይ አፈር አምልጦት፣ ዲመካም ለመድረስ ተቻኩሎ፣ ኮንሶን በመኪና መስኮት አይቶ ያልፍ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። በነገራችን ላይ፣ ሰሜን ሸዋንና ወሎን የሚያቋርጥ መንገደኛም ተመሳሳይ ዕድል አለው፤ የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ደግሞ ሰኞ በመሆኑ ሁለቱን በተከታታይ ቀን ማየት ይችላል።

በሰሜኑ ዙር ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በዓል ነው። ብዙ ሰው የገናን በዓል በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር ማክበር ይመኛል፤ መልካም ምኞት ነው፣ በመካከሉ ያለው ጊዜም ባሕር ዳርንና የጣና ገዳማትን ለማየት ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦች ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብቻ ስለሚይዙ አንዳንድ ዓመት ይሳሳታሉ። ገና በአውሮፓውያኑ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ቀን ይውላል፤ በእኛ ግን ታኅሣሥ 29 የነበረው በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ጥምቀት በተቃራኒው በእኛ ምንጊዜም ጥር 11 ሲሆን፣ በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 19 የነበረው በዘመነ ዮሐንስ 20 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነበር። የበረራ ትኬት በአንድ ቀን ልዩነት ከተቆረጠ ከተራውን እንጂ ጥምቀቱን ሳያዩ መመለስ አለ። የላሊበላ ማረፊያም በገና ሰሞን ከወራት በፊት እንደሚያዝና ዋጋውም ከተለመደው ጋር እንደማይገናኝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምሥራቁ በአንጻሩ ቀላሉ ዙር ነው። በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ድሬዳዋ ድረስ ይወስዳል፤ ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ባቡሩ በየቀኑ ይነሣል ብሎ ከመገመት ይልቅ የሳምንቱን መርሐ ግብር አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሲመለሱም በመኪና በቁልቢና በአሰበ ተፈሪ በኩል የሐረርጌን ደጋ እያዩ መምጣት ይሻላል። ሙቀት የማይወድ ሰው ማረፊያውን ከድሬዳዋ ይልቅ ሐረር ላይ ያድርግ። በረመዳን ወር በቀን የሚከፈት ምግብ ቤት እንደሚያንስ ማሰብ ይገባል፤ ወሩ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ ያለፈው ዓመት ልምድ አይጠቅምም። ከረመዳን በኋላ ባለው ሳምንት ሐረር ለሚገኝ ሰው ግን የሸዋል ዒድ አከባበር ይጠብቀዋል። በሰሜኑም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የፍስክ ምግብ በቀላሉ አይገኝም፤ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ምዕራቡና ስለ ባሌ በአጭሩ ላንሣ። ጅማ፣ ቦንጋና ሚዛን የሚወደዱት ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በተለይም ቡናው በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ባሌ ደግሞ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ከቆላ ተነሥቶ በዚያው ቀን እዚያ ማደር ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ያስከትላል፤ አንድ ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ማደር ይበጃል። ቀይ ቀበሮን ለማየትም ማለዳው ይመረጣል።

ጉዞውን በዙር መቁረጥ ያለብን ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህንንም ሳይሸሸጉ መናገር ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በሰሜንም በሌሎች አካባቢዎችም በተነሡ ግጭቶች የተነሣ ትናንት የተከፈተ መንገድ ዛሬ ሲዘጋ፣ በአውሮፕላን የሚደረስበት ከተማ በመኪና የማይደረስበት ሲሆን አይተናል። ሁሉንም በአንድ ሰንሰለት ያያያዘ መንገደኛ አንዷ ቀለበት ስትበጠስ ጉዞው በሙሉ ይቆምበታል። በዙር ያቀደ ግን የተዘጋውን ትቶ ሌላውን ይጀምራል፤ የተከፈለ ቀብድም ቢቀርበት የአንዱ ዙር ብቻ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ለማወቅ ከማንም በላይ የሚታመነው ትናንት ማታ ከዚያ የገባ ሾፌር ነው፤ መናኸሪያ ሄዶ ሁለት ሦስቱን ጠይቆ ወሬያቸውን ማመሳከር፣ ለሚያርፉበት ሆቴልም ደውሎ ማረጋገጥ የጉዞው አካል ተደርጎ መወሰድ አለበት።

በየዙሩ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። በመኪና ለሚሄድ ሰው ክርክሩ የተወሰነ እውነት አለው፤ በአየር ለሚሄድ ግን የለውም፣ የአገር ውስጥ በረራ ባብዛኛው በአዲስ አበባ በኩል ስለሆነ ከጎንደር ወደ ጂንካ የሚሄድ ሰው ወደደም ጠላም ቦሌ ይወርዳል። በመኪናም ቢሆን በሁለት ዙሮች መካከል የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ቀን ጎማ ለማሳየት፣ ልብስ ለማሳጠብ፣ የደከሙ አዛውንትና ሕፃናትን ከዘመድ ዘንድ ለማሳረፍ ይውላል። አያቶችን ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ ደግሞ በዚህ አጋጣሚ ማን በሚቀጥለው ዙር እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር ያለ ቅሬታ ይወስናል።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጉዞ ዓምዱ በየወሩ መጀመሪያ፣ በዚያ ወር የትኛው አካባቢ ደረቅ፣ የትኛው ዝናባማ እንደሆነ፣ የትኞቹ በዓላትና ገበያዎች በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚያሳይ አነስተኛ ሠንጠረዥ ቢያወጣ፣ ከውጭ ለሚመጡትም ሆነ እዚሁ ላለነው ከማንኛውም የ3 ሳምንት መርሐ ግብር የበለጠ ይጠቅማል። የአዋሽና የመተማ፣ የሞያሌና የጋምቤላ ነዋሪዎች የየአካባቢያቸውን ቢልኩ ዝርዝሩ በጥቂት ወራት ይሞላል። የዓምዱ አዘጋጅ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ያሰባሰብኳቸውን የደቡብና የወሎ የገበያ ቀናት ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ