ሜሽ ከገባ በኋላ የሞደሙ ዋይፋይ ምን ይሠራል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ነባሩን ሞደም ሳይቀይሩ ሜሽ ዋይፋይ (ሲግናሉን እየተቀባበሉ ቤቱን የሚሸፍኑ ትንንሽ ማሰራጫዎች) ለማስገባት ለሚያስቡ የጎንደር አንባቢዎቻችሁ ጥቂት ነገር እንድንል ይፈቀድልን።

በመጀመሪያ፣ ሜሽ ከውጭ የሚገባውን ኢንተርኔት አያሳድግም። የ10 ሜጋ ፓኬጅ ያለው ሰው ሦስት ፍሬ ቢደረድርም ያው 10 ሜጋ ነው። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ላፕቶፕ በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ይሻላል። እዚያው ላይ ከተንቀራፈፈ ችግሩ የመስመሩ ነውና ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደወል፤ ብሩም ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ሞደሙ ጋ ደህና ሆኖ ጓዳ ሲገባ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሜሽ ይረዳል። ከሞደሙ ላን (ኢንተርኔት ማውጫ መሰኪያ) የወጣው ኬብል ዋናው ሜሽ ዋን (ኢንተርኔት መቀበያ መሰኪያ) ላይ ይሰካል። ዋናው በስልክ አፕ ከተነሳ በኋላ ተከታዮቹን አጠገቡ አስቀምጦ ማጣመር፣ ከዚያ ነቅሎ ወደየቦታቸው መውሰድ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሞደሙም ሜሹም አይፒ አድራሻ (እያንዳንዱ ዕቃ በኔትወርኩ የሚታወቅበትን ቁጥር) ያድላሉ፤ በአንድ ቤት ሁለት አባወራ ማለት ነው። ፌስቡኩ ይከፈታል፣ ዩቲዩቡም ይሠራል፣ ነገር ግን ሞደሙ ላይ የተሰካው ፕሪንተር እንዳይገኝ፣ ጌሙም እንዳይገናኝ ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱም 192.168.1.1ን ከያዙማ ኢንተርኔቱ ጭራሽ እምቢ ሊል ይችላል። መድኃኒቱ በአፑ ውስጥ ሜሹን ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ መቀየር ነው፤ አድራሻ የማደሉ ሥራ ለሞደሙ ብቻ ይቀራል። የልጆች መቆጣጠሪያን የመሰለ አገልግሎት በዚህ ሞድ ላይሠራ ይችላል። እሱን የግድ የሚፈልግ ሞደሙን ብሪጅ ማድረግ (አድራሻ ማደሉን ትቶ መስመሩን ብቻ እንዲያሳልፍ ማዘዝ) አለበት፤ ያኔ ግን መስመሩ በፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና በፓስዎርድ በሚከፈት አገባብ) የሚገባ ከሆነ ዩዘርኔሙና ፓስዎርዱ ሜሹ ላይ መሞላት ይኖርበታል። እነዚህ በእጁ የሌሉት ሰው ሞደሙን ባይነካ ይሻለዋል፤ በመርፌ የምትጫነዋንማ ሪሴት ጨርሶ። የመስመሩን ቅንብር ደምስሳ ቤቱን ያለ ኢንተርኔት ልታስቀር ትችላለች።

ቀጥሎ የሞደሙ ዋይፋይ ይጥፋ። ስልክ አንዴ የያዘውን ሲግናል በቀላሉ አይለቅም፤ ሜሹ አጠገብ ተቀምጦም ከሩቁ ሞደም ጋር ይንጠለጠላል። የድሮው ስምና ፓስዎርድ ለሜሹ ከተሰጠ የቤቱ ስልኮች ራሳቸው ይገናኛሉ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ፒያሳና አራዳ ያሉት የቆዩ የድንጋይ ቤቶች ለዋይፋይ ከባድ ናቸው። ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ወፍራም ግድግዳ ላይ ይደክማል፤ 2.4 ቢዘገይም የተሻለ ያልፋል። ተከታዩን ፍሬ ሲግናል በሌለበት ክፍል ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ያስተላልፋል? መሐል መንገድ ላይ፣ በር በሚያሳልፍበት ይቀመጥ። እንዲያም ሆኖ ባለ ሁለት ባንዱ (በእነዚህ ሁለት ሞገዶች ብቻ የሚሠራው) ሜሽ ያለ ኬብል ሲሠራ በአንዱ ሬዲዮ ይቀበላልም ይልካልም፣ ፍጥነቱም በየቅብብሉ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። የድንጋይ ቤት ያለው ሰው ለሦስተኛ ፍሬ የሚያወጣውን ለኬብል ቢያውለው እንመርጣለን። ካት 5ኢ የተባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ያደርሳል፣ ግን ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ መዳብ የተቀባው አሉሚኒየም ይሰበራል። ስምንቱም ሽቦ ይታሰር፤ አራት ብቻ ከታሰረ ከ100 ሜጋ አያልፍም። አሮጌ ግድግዳ ከመብሳት በመስኮቱ ጠርዝ ማሳለፍ ይሻላል።

ወደ ሰርቪስ ቤት በግቢው የሚሻገረው ኬብል ፀሐይ የሚችለው የውጭ ኬብል ይሁን። በክረምት ነጎድጓድ ሳይቀርብ ከሁለቱም ጫፍ ይነቀል፤ መብረቅ ቅርብ ሲወድቅ በሽቦው መጥቶ ሞደሙንም ሜሹንም ሊያቃጥል ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሜሹ ከሞደሙ ቀድሞ ተነስቶ ኢንተርኔት የለም ካለ፣ ሞደሙ እስኪረጋ ጠብቆ ዋናውን አጥፍቶ ማብራት ነው። ትንሿን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ዕቃውን የምታቆይ ባትሪ) የሚገዛም የሁለቱን አዳፕተር ጽሑፍ ያንብብ፤ 9 ቮልት ለሚፈልግ ዕቃ 12 ቮልት መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። አምፔሩም ለሁለቱ ተደምሮ ይታይ።

የኔትወርክ ዝርጋታ ባለሙያዎች
ከጎንደር