ቆርኪዎቹን ልኬልሃለሁ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ሁለት ክረምት ጠፍቼ "ከረምክ" ማለቴም ያሳፍራል። ያልጻፍኩልህ ተቀይሜህ አይደለም። "ነገ" እያልኩ ነው። ነገው ሲበዛ አፈርኩ፤ ሰው ካፈረ ደግሞ ይብስ ዝም ይላል። አሁን የጻፍኩት ናፍቀኸኝ ነው፤ ግን አልዋሽህም፣ ጉዳይም አለኝ።

ጨዋታ ሠራሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ፣ የካርቶን። ስለ ሚኒባስ ታክሲ ነው። ታፔላ ትስባለህ፣ ከመገናኛ ፒያሳ፣ ከመርካቶ ሜክሲኮ ትጭናለህ። ትርፍ ከጫንክ ሒሳቡ ይጨምራል፤ የትራፊክ ካርድ ከወጣብህ ግን የያዝከውንም ታስረክባለህ። ተሳፋሪዎቹ ቆርኪ ናቸው፤ ያው ዳማ የምንጫወትበት።

መጀመሪያ የሞከርኩት ቤት ውስጥ ነው። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። "እንዴት ነው?" አልኩ። አክስቴ "እጅህ ይባረክ" አለችኝ። አጎቴ "ፈረንጅ ቢሠራው በዶላር ይሸጠው ነበር" አለ። ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግስቱ ግን ትዝ ያለኝ ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ የ9 ዓመቷ፣ መሀል ላይ "መቼ ነው የሚያልቀው?" ስትል እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት። እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ዝም አሰኘናት።

ይሉኝታችንን ታውቀዋለህ። ቡናህን እየጠጣ ሥራህን የሚያጣጥል የለም። "አሪፍ ነው" ሰሙ ነው፤ ወርቁ ያለው እጃቸው ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ደብተር ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ስልክ መቼ ወጣ? ተራው መድረሱን ጎረቤቱ የነገረው ማነው? አንዱ ሁለተኛ ታክሲ ከገዛ በኋላ ሌሎቹ በፍጹም እንደማይደርሱበት ማንም አልነገረኝም። ያወቅኩት ሦስት ሰው ባንዴ ስልኩን ሲያወጣ ነው።

"ወደዳችሁት?" ማለትም ትቻለሁ። "አዎ" ከማለት ሌላ ምን ይበሉ? "አንድ ነገር ጣሉ ብትባሉ የቱን ትጥላላችሁ?" እላለሁ። እንዲህ ሲሆን መንቀፍ ሳይሆን መታዘዝ ይመስላቸዋል፣ ምላሳቸው ይፈታል። ባለፈው ሁሉም የጣሉት የተራ አስከባሪውን ካርድ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው እሱን! ስንት ማታ እንደሳልኩት። ልከራከር ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

መፍትሔያቸውን ግን ሁሉ አልቀበልም። አንዱ "ዳይሱን ሁለት አድርገው" አለኝ። ሕመሙን አግኝቶታል፣ ተራው እስኪደርስ ሰው ይሰለቻል። መድኃኒቱ ግን አልሠራም፤ ጭራሽ መደመር ላይ ጊዜ አቃጠሉ።

ካታን የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ የፈጠረው ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር፣ የጥርስ ቴክኒሻን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከማውጣቱ በፊት ለዓመታት የሞከረው በቤተሰቡ ላይ ነበር። ያገሩ ሰው "ይሄ ይደብራል" ለማለት አይቸገር ይሆናል። የኔ አክስት ትሞታለች እንጂ አትለውም።

እንግዲህ ጉዳዬ ይሄ ነው። ወደዚያ በሚመጣ ሰው ሳጥኑን ልኬልሃለሁ። እኔን ከማያውቁ ሰዎች ጋር አጫውተው። የጓደኛዬ ነው እንዳትል። ሕጉንም አታስረዳ፤ ወረቀቱ ውስጡ አለ፣ ራሳቸው ያንብቡት። ሲሳሳቱ አታርማቸው፣ የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳቱ ብቻ ጻፍልኝ። እኔ እዚያ ሆኜ ማብራራት ስለማልችል ነው የፈለግኩት።

የአንተን ደግሞ ለብቻ ጻፍ። ዳማ ስንጫወት አንድ ቀን አሳልፈህልኝ አታውቅም። አልቅሼ ቤት ገብቼ እንኳ በማግስቱ ያው ነበርክ። ያን ጊዜ እንዴት እንደምጠላህ!

ቆርኪዎቹ 40 መሆን ነበረባቸው፤ አንዱን ልጅቷ ወስዳዋለች መሰለኝ። በሳንቲም ተካው።

ያንተው