ይድረስ ለወንድሜ፣ ገና ሳይገባ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ድምፄን ማጥፋቴን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ፤ ይቅርታህን ለምኜ ልለፈው። ሩሯን ስተህ ቅልጥሜን የመታኸኝ ዕለት «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለህ አልነበር የተገላገልከኝ? ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

የምጽፍልህ ስለ ልጆቹ ነው። ፍርድ ቤቱ ከእናታቸው ጋር አዲስ አበባ እንዲኖሩ፣ ትምህርት ሲዘጋ እኔ ዘንድ እንዲመጡ ከወሰነ ወዲህ የአዘቦቱን ቀን ለምጄዋለሁ፤ ሥራ አለ፣ ሰው አለ፣ ይመሻል። በዓል ግን አልለመድ ብሎኛል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሰው ሁሉ የጾሙን ቀን ወደ ፍስኩ ሲቆጥር፣ እኔ ባይደርስ እያልኩ ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄዱት መኪኖች በከተማችን ሲያልፉ በመስኮት ሕፃን ባየሁ ቁጥር አንገቴ ይዞራል።

ትንሹ በቀደም በስልክ «አባዬ፣ ዘንድሮ በጉን ማን ይጎትታል?» አለኝ። ከገበያ እስከ ቤት ገመዱን የሚይዘው እሱ ነበር፤ በጉ ሲገግምበት ገመዱን በእጁ ጠምጥሞ፣ ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ ሲታገል፣ እኔ ከኋላ ሳያየኝ እገፋለት ነበር። በግ እንደማልገዛ መንገር ቢያቅተኝ «ኔትዎርኩ ተቆራረጠ» አልኩት፤ አልተቆራረጠም ነበር።

ሲስቁ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያለ እኔ መሳቃቸው ይቆረቁረኛል፤ እንዲህ ያለው ነገር ለሰው ይነገራል? ስለዚህ ዘንድሮ የምደውለው በዋዜማው ነው፤ «ናፈቅኋችሁ ወይ?» ብዬም አልጠይቅም፤ በእናቱ ቤት በዓል የሚያከብር ሕፃን ለአባቱ እያዘነ መዋል የለበትም። ለእኔ አታስብ፤ ለዓረፋ ከቤታቸው የማልጠፋው ጎረቤቴ እናት «የገና ዕለት ቡናው እኛ ዘንድ ነው፣ እስከ በረካው ትቀመጣለህ፣ አብሽር» ብለውኛል፤ እንቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም።

አሁን ዙሪያ ጥምጥም የሄድኩበትን ነገር ልንገርህ፤ ለመጠየቅ አፍሬ ነው። በጥር መጨረሻ ግድም የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲሆን ልጆቹ ይመጣሉ፤ በጉንም ያን ጊዜ እገዛለሁ፣ ገናችንም ያን ጊዜ ይሆናል። መጥቼ እንዳልወስዳቸው የመሥሪያ ቤቱ የስድስት ወር ሪፖርት ይይዘኛል፤ እናታቸውም 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከማታውቀው ሰው ጋር መላክ ትፈራለች፤ አልፈርድባትም። አንተን ግን፣ ለምን እንደሆነ ባይገባኝም፣ ታምንሃለች። እባክህ ይዘሃቸው ና። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ኃይለኛ ነውና ጋቢ አትርሳ፤ ታላቅየዋን ጠመዝማዛው መንገድ ያስመልሳታልና መስኮቱን ለእሷ ልቀቅላት። የእነሱን የትኬት ገንዘብ እኔ እልካለሁ፤ የአንተን ራስህ ትችለዋለህ።

ወንድምህ