ኤንትሬን በኪሎ አትሽጡብን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አዳዲሶቹ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የጻፋችሁትን አነበብኩ። ደስ ይላል። አሮጌዎቹንስ ማን ያስታውሳቸው?

እኔ ያደግኩት በፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ ያው «ኤንትሬ» የምንለው። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቦዲ ተሠርቶለት ስንቱን አገር አገናኘ! ከአውቶቡስ ተራ ጎህ ሳይቀድ ወደ ደሴ ስንነሳ፣ ረዳቱ በኋላ መሰላል ወጥቶ ሻንጣውንም ጆንያውንም ጣራ ላይ ይደረድራል። ሸራ ያለብሰዋል፤ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እዚያው ያለው የመንገድ ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሁሉም ጸጥ ይላል። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል።

ድርጅቶቹም ታሪክ አላቸው። የአዲስ አበባው አንበሳ የከተማ አውቶቡስ እንኳ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣሊያን ጥሏቸው በሄደ ጥቂት መኪኖች ነው።

በቅርቡ አንድ ጋራዥ ጓሮ ጎማ የሌላት ኤንትሬ አየሁ። ግንባሯ ላይ «ደሴ» የሚለው ጽሑፍ ገና ይነበባል። ለቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ልትሸጥ ነው አሉኝ። አንጀቴን በላችው። አንዷ እንኳ ታድሳ፣ ቀለም ተቀብታ ሕዝብ በሚያያት ቦታ ትቁምልን። የነዷት ሹፌሮች በሕይወት እያሉ ይሁን።